ሻዩ ቀዝቅዞ ሲመጣ፦ ሰብር፣ ቅሬታና ሐቅ



ዛሬ ላነሳ ያሰብኩት ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ገንዘባችንን ከፍለን የገባንበት ቤት ያልጣፈጠ ምግብና ቸልተኛ መስተንግዶ ቢሰጠን ምን ማድረግ አለብን? ዝም ብሎ ከፍሎ መውጣት ሰብር ነው ወይስ ፍርሃት? «ይህ ትክክል አይደለም» ማለት ሐቅን መጠየቅ ነው ወይስ ለሆድ መጨቃጨቅ? ቤቱን በስልካችን አንድ ኮከብ ሰጥቶ ለዓለም መንገርስ ነሲሓ ነው ወይስ ሐሜት?

እዚህ አትላንታ ተወልዳችሁ ወይም በልጅነታችሁ መጥታችሁ ያደጋችሁ ወጣቶች ጥያቄውን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ምክንያቱም በየቀኑ ሁለት ድምፅ ትሰማላችሁ። ቤት ውስጥ እናትና አባት «ተዉት፣ አላህ ይተካዋል፤ በሰው አገር አትጨቃጨቁ» ይላሉ። ውጪ ደግሞ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ድምፅ አለ። የመጀመሪያው ሁሌም እንድንተው፣ ሁለተኛው ሁሌም እንድንጠይቅ ይነግረናል። በእኔ አመለካከት ሁለቱም አንድ ነገር ይዘላሉ፤ እሱም ቅር ያሰኘን ነገር ምን ዓይነት እንደሆነና ጉዳዩ ለማን መነገር እንዳለበት መለየት ነው። ይህን ሳንለይ የምንተወው ነገር ሰብር አይሆንም፤ የምንጠይቀውም ሐቅ ላይሆን ይችላል።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

ምሳሌዬን ከሻይ ቤት እወስዳለሁ። የእኛን ሰፈር ሻይ ቤት ማለቴ ሳይሆን፣ በትልልቅ ሆቴሎች ከሰዓት በኋላ የሚቀርበውን የእንግሊዞች ሻይ ነው። ልማዱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1840 አካባቢ እንደሆነ ይነገራል፤ በምሳና በእራት መካከል ያለው ሰዓት የረዘመባት አና የምትባል የቤድፎርድ መስፍን ሚስት ሻይና ቀለል ያለ ምግብ ማስቀረብ ጀመረች፤ ወዳጆቿንም ትጋብዝ ነበር። ዛሬ ሦስት ደርብ ባለው ማቅረቢያ ላይ ከታች ትንንሽ ሳንድዊች፣ መካከል ላይ ስኮን ከማርማላታና ከወፍራም ክሬም ጋር፣ ከላይ ደግሞ ጣፋጭ ይደረደራል። እዚህ ከተማ ለምረቃ፣ ለኒካሕ ዝግጅት ወይም ለልደት ብዙ እህቶቻችን ይሄዱበታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ያማረ ቦታ ሆኖ መጠጥ የግብዣው ማዕከል ያልሆነበት ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም።

በዚህ ቤት አንድ ሰው ስድሳና ሰባ ዶላር ሲከፍል የሻይ ቅጠል እየገዛ አይደለም። የቅጠሉና የዳቦው ዋጋ ትንሽ ነው። የሚገዛው መስተንግዶ ነው፤ ያማረ ወንበር፣ በሰዓቱ የሚደርስ ትኩስ ውሃ፣ «ምን ልጨምርላችሁ?» የሚል ሰው፣ ለሁለት ሰዓት የተከበረ እንግዳ መሆን።

እዚህ ላይ ነው እኛ ግራ የምንጋባው። በእኛ ባህል መስተንግዶ አይሸጥም። በወሎ ቤት ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ዱዓ ይደረጋል። የመጨረሻው ስኒ ስሙ ራሱ በረካ ነው። ቡናው ቢቀጥን «ቀጠነ» የሚል እንግዳ የለም፤ ነውር ነው። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ሻይ ቤት ሲገባ አስተናጋጇን እንደ ቤቱ እመቤት ያያታል፤ ቅሬታ ማቅረብም የጋበዘችውን ሴት ማሳፈር ይመስለዋል። ይህ አደብ ውብ ነው፤ ልንጥለውም አይገባም። ነገር ግን ሻይ ቤቱ አልጋበዘንም። ዋጋ ነግሮን፣ ተስማምተን፣ ቀጠሮ ይዘን የመጣንበት ግዢ ነው። በእንግድነትና በግዢ መካከል ያለው ልዩነት ሲጠፋብን፣ የአንዱን አደብ በሌላው ቦታ እንጠቀማለን።

አንድ ከሰዓት

ባለፈው ዓመት እህቴ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ እሷን፣ እናቴንና ሁለት የአክስቴን ልጆች ይዤ እንዲህ ካሉ ቤቶች ወደ አንዱ ሄድኩ። የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱን በኋላ እናገራለሁ። ቦታ ስይዝ «የአሳማ ሥጋ፣ አልኮልና ጄላቲን የሌለበት» ብዬ ጽፌ ነበር፤ «ይቻላል» የሚል መልስም ደርሶኝ ነበር።

ስንደርስ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጡን። በመስኮቱ በኩል ሦስት ባዶ ጠረጴዛዎች ይታያሉ። ሻዩ ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጣ፤ ውሃው ለብ ያለ ነበር። እኔ መሐንዲስ ስለሆንኩ ይህ ያስገርመኛል፤ ጥቁር ሻይ በደንብ እንዲወጣ ውሃው ለመፍላት የተቃረበ መሆን አለበት። አትላንታ ላይ ውሃ በ99 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃዋ ገና በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይሁንና እናቴ እዚያ በቀረፋና በቅርንፉድ ያፈላችውን ሻይ የጠጣ ሰው ይህንን ሻይ ሻይ ብሎ አይጠራውም። ስኮኑ ደርቋል። ከሁሉ የከፋው ግን ከሳንድዊቾቹ መካከል አንዱ የአሳማ ሥጋ ያለበት መሆኑ ነው።

በጠረጴዛው ዙሪያ ሦስት ሐሳብ ተነሳ። ታናሿ የአክስቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ አንድ ኮከብ ልትሰጥ መጻፍ ጀምራለች። «ለሂጃባችን ነው በር ሥር ያስቀመጡን፤ ዓለም ይወቀው» አለች። እህቴ «ዛሬ ደስታችን ነው፣ ሰብር እናድርግ» አለች። እናቴ ደግሞ ሁላችንም ያላየነውን አይታ ነበር። «ይቺን ልጅ አላያችኋትም? ብቻዋን ስንት ጠረጴዛ ይዛ ትሮጣለች» አለች። እናቴ እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ ለዓመታት በሆቴል ጽዳት የሠራች ሴት ናት፤ የሚሮጥ ሰው ታውቃለች።

እኔ ተነሥቼ አስተናጋጇን ለብቻዋ አነጋገርኳት። ስንይዝ የጻፍነውን መልእክት አሳየኋት፤ የሚመለከተውን ኃላፊም እንድትጠራልኝ ጠየቅኳት። ኃላፊው መጣ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ምግቡን በሙሉ በአዲስ ሳህን ቀየረ። ስለ መስኮቱ ጠረጴዛዎች ስጠይቀው «ተይዘዋል» አለኝ። እስክንወጣ ድረስ ማንም አልተቀመጠባቸውም። ሻዩም ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ለብ ያለ ነበር። ነገሩ በዚሁ አበቃ፤ ጥያቄው ግን አላበቃም።

አንድ አስተላላፊ፣ ሁለት ሐዲስ

እህቴ «ሰብር» ስትል ማስረጃዋ ብዙዎቻችን የምናውቀው ሐዲስ ነው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን በፍጹም አያነውሩም ነበር፤ ከወደዱት ይበሉታል፣ ካልወደዱት ይተዉታል። ይህ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ታላቅ ትምህርት ነው። ምግብ ሪዝቅ ነው፤ ስኮኑ ቢደርቅም የስንዴው ፈጣሪ አላህ ነው፤ ያበሰለችውም ሴት ሰው ናት።

ግን እኚሁ ሰሓባ፣ አቡ ሁረይራ፣ ሌላም ሐዲስ አስተላልፈዋል፤ በሙስሊም ውስጥ ይገኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እህል ከተከመረበት እጃቸውን ሲያስገቡ ከሥር እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱን ምን እንደሆነ ጠየቁት። ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ።

ሁለቱን አብረን እናንብባቸው። ሳህን ላይ ያለውን ምግብ የማያነውሩት ነቢይ፣ ገበያ ላይ ያለውን እህል እጃቸውን አስገብተው ፈትሸዋል። ይህ መጋጨት አይደለም። በመጀመሪያው ጉዳዩ ጣዕም ነው፤ በሁለተኛው ጉዳዩ ውል ነው። ለጣዕም መልሱ መብላት ወይም መተው ነው። ለውል መልሱ መናገር ነው፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ገዢም ሐቅ አለው።

በዚህ ሚዛን ሻይ ቤታችንን ስንመዝን ነገሩ ይለያል። ስኮኑ መድረቁ ጣዕም ነው፤ ተዉት። ሻዩ ለብ ማለቱ ትንሽ ጣዕም፣ ትንሽ ውል ነው፤ በእርጋታ ትኩስ መጠየቅ ይበቃል። «የአሳማ ሥጋ አይኖርበትም» ተብሎ ቃል ከተገባ በኋላ መቅረቡ ግን ንጹህ ውል ነው። እዚህ ላይ ዝም ማለት ሰብር አይባልም፤ ነገ የሚመጣውን ሌላ ሙስሊም ወይም አለርጂ ያለበትን ልጅ ለተመሳሳይ ስህተት መተው ነው።

ገበያው ውስጥ የሆነውን ቅደም ተከተልም አስተውሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሕዝቡ ከመናገራቸው በፊት ባለቤቱን ጠየቁ፤ መልሱንም ሰሙ። ማስጠንቀቂያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለማን እንናገር?

በእኛ ሙያ አንድ ነገር ሲበላሽ የብልሽት ሪፖርት እንጽፋለን። ጥሩ ሪፖርት አራት ነገር አለው፤ ምን ተስማምተን ነበር፣ ምን ተገኘ፣ መቼና የት፣ ምን እንዲደረግ እንፈልጋለን። «ይህ ማሽን ቆሻሻ ነው» የሚል ሪፖርት ማንም አያስተካክልበትም። ሊያስተካክል ለሚችለው ሰው ያልደረሰ ሪፖርትም እንዲሁ ከንቱ ነው።

አብዛኛው የስልክ ቅሬታ በዚህ መለኪያ ይወድቃል። ጠረጴዛ ላይ «ሁሉም ጥሩ ነው?» ሲባል «አዎ፣ እናመሰግናለን» ብሎ ፈገግ ማለት፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ገብቶ አንድ ኮከብ መስጠት። ሊያስተካክል ለሚችለው ሰው ሐሰት፣ ምንም ሊያደርግ ለማይችለው ሺህ ሰው እውነት ተነገረ ማለት ነው። እውነቱን መስማት የነበረበት የመጀመሪያው ሰው ነበር።

ታዲያ በይፋ መጻፍ ሐራም ነው? አይደለም። ኢማም ነወዊይ በሪያዱ ሷሊሒን ውስጥ ሰውን በሌለበት በመጥፎ ማንሳት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል፤ ከእነዚህም መካከል በደልን ሊያስቆም ለሚችል አካል አቤት ማለት፣ ጥፋትን ለመለወጥ እርዳታ መጠየቅና ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ይገኙበታል። ስለዚህ ጥያቄው ኒያውና ትክክለኛነቱ ነው። ቤቱ ከተነገረው በኋላም የአሳማ ሥጋ እየቀላቀለ የሚያቀርብ ከሆነ ሰውን ማስጠንቀቅ ግዴታችን ነው። «አስተናጋጇ ፊቷ አያምርም» ብሎ መጻፍ ግን ማስጠንቀቅ አይደለም።

አትላንታ በዚህ ጉዳይ የታወቀ ክርክር አስተናግዳለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ኪት ሊ የሚባለው፣ ቀድሞ የትግል ስፖርተኛ የነበረና በቲክቶክ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ተከታይ ያለው የምግብ ገምጋሚ ወደ ከተማችን መጣ። ቤተሰቦቹ አስቀድመው ይገባሉ፤ እሱ መኪና ውስጥ ይጠብቃል፤ ይህንን የሚያደርገው እንደ ማንኛውም ሰው ለመስተናገድ ነው። በአንዱ ቤት ቤተሰቦቹ ረጅም ጊዜ መጠበቅ እንዳለባቸው ተነገራቸው፤ እሱ ራሱ ገብቶ ሲታወቅ ግን ጠረጴዛ ወዲያው ሊገኝ ሆነ። እሱም ሳይበላ ወጣ። በዚያ ሰሞን ከተማው በሙሉ ስለ ምግብ ቤቶች መስተንግዶ ሲከራከር ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ነጥብ ስለ ዝና አይደለም። የተወገዘው ምግቡ አልነበረም፤ ሰው እንደ ስሙ መመዘኑ ነበር። የታወቀ ሰው በአምስት ደቂቃ፣ ያልታወቀ በአንድ ሰዓት የሚስተናገድበት ሚዛን የጎደለ ሚዛን ነው። በሌላ በኩል አንድ ሰው ብዙ ተከታይ ሲኖረው ቃሉ ቤት ሊያዘጋ፣ የብዙ ሠራተኛ እንጀራ ሊነካ ይችላል። የእኛ ስልክ የሚደርሰው ለጥቂት መቶ ሰው ቢሆንም አማናው ያው ነው።

የሻይ ቤቱን ስም ያልጠቀስኩትም ለዚህ ነው። ለሚመለከተው ሰው ተነግሮታል፤ ሳህኑንም ቀይሯል። አንድ ከሰዓት ብቻ ያየሁትን ቤት በዚህ ገጽ ስሙን ማንሳት ማስጠንቀቅ ሳይሆን መበቀል ይሆንብኛል።

የአስተናጋጇ ሐቅ

ወደ እናቴ ዓይን ልመለስ። እዚህ ጆርጂያ ውስጥ ቲፕ ለሚቀበል አስተናጋጅ አሠሪው በቀጥታ እንዲከፍል በፌዴራል ሕግ የሚገደደው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 2.13 ዶላር ነው። ይህ ቁጥር ከ1991 ጀምሮ አልተለወጠም። ቲፑ ተጨምሮ 7.25 ካልሞላ አሠሪው ልዩነቱን መሙላት አለበት፤ በተግባር ግን የአስተናጋጇ ኑሮ ያለው በእኛ እጅ ነው። እንግዲህ ስኮኑን ያደረቀው ወጥ ቤቱ ነው፤ ሠራተኛ ያሳነሰው አስተዳደሩ ነው፤ ቲፕ ስንቀንስ የምንቀጣው ግን ትኩስ ውሃ ፍለጋ የምትሮጠዋን ልጅ ነው።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ሒሳቡ ላይ «የአገልግሎት ክፍያ 20 በመቶ» ተብሎ የሚጨመረው ገንዘብ በፌዴራል ሕግ ዓይን ቲፕ አይደለም፤ የቤቱ ገቢ ነው። ቤቱ ለሠራተኞቹ ሊያካፍለው ይችላል፣ ላያካፍልም ይችላል። ስለዚህ «ይህ ለአንቺ ይደርሳል?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለውም። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው የታዘዘ ኡማ ይህን ጥያቄ መጠየቅ አለበት።

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ» እንዳላሏቸው ተናግረዋል። አሥር ዓመት የሚያገለግል ልጅ ስንት ዕቃ ይሰብራል? ስንት ጊዜ ይዘገያል? ስለዚህ የገበያውን ሰው በውሉ የጠየቁት ነቢይ ያገለገላቸውን ልጅ በመዘግየቱ አላስቀየሙትም። ውሉን ከቤቱ ጠይቁ፤ ሠራተኛውን አትጫኑ።

ማግኖሊያ ሩም፣ 1960

እስካሁን ያነሳሁት ስለ ጣዕምና ስለ ውል ነው። የአክስቴ ልጅ ያነሳችው ግን ሦስተኛ ነገር ነው፤ ክብር። በዚህ ጉዳይ ደግሞ አትላንታ የራሷ የሻይ ቤት ታሪክ አላት፤ እያንዳንዳችሁም ልታውቁት ይገባል።

በመሐል ከተማ ሪችስ የሚባል ታላቅ የንግድ መደብር ነበር። በውስጡ ማግኖሊያ ሩም የተሰኘ የታወቀ የሻይና የምሳ ክፍል ነበረው። ጥቁር ደንበኞች በመደብሩ ልብስ ይገዙ ነበር፤ በዱቤ ጭምር። በማግኖሊያ ሩም ተቀምጠው ሻይ መጠጣት ግን አይችሉም ነበር። ገንዘባቸው ይፈለጋል፤ እነርሱ አይፈለጉም።

ተማሪዎቹ ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1960 የአትላንታ ጥቁር ኮሌጆች ተማሪዎች ለሰብዓዊ መብት ያቀረቡትን ጥሪ በከተማው ጋዜጦች አሳተሙ። ከዋና ጸሐፊዎቹ አንዷ የስፔልማን ኮሌጅ ተማሪዋ ሮዝሊን ፖፕ ነበረች። በጽሑፉ በደሉን ዘርዝረው በቅድሚያ አሳወቁ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጠረጴዛዎቹ የሄዱት። ጥቅምት 19 ቀን 1960 ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተማሪዎቹ ጋር ሪችስ ገብቶ መስተንግዶ ጠየቀ፤ ታሰረም።

የቀረው ታሪክ ወደ እኛ ሰፈር ይመጣል። ከንቲባ ዊልያም ሃርትስፊልድ ተማሪዎቹ እንዲፈቱ አደራደረ፤ አየር ማረፊያችን ዛሬ በስሙ ይጠራል። ኪንግ ግን ቀደም ሲል በመንጃ ፈቃድ ጉዳይ የተፈረደበት የገደብ ቅጣት ስለነበረ ለዲካልብ አውራጃ ተላለፈ፤ ክላርክስተን የምትገኝበት፣ ብዙዎቻችን የምንኖርበት ዲካልብ ማለት ነው። እዚያ የአራት ወር ከባድ ሥራ ተፈረደበት፤ በሌሊት በሰንሰለት ታስሮ ወደ ሪድስቪል እስር ቤት ተወሰደ። ለፕሬዝዳንትነት ይወዳደር የነበረው ጆን ኬኔዲ ለባለቤቱ ለኮሬታ ስልክ ደወለ፤ ኪንግም ጥቅምት 27 ተፈታ። የመሐል ከተማው የምግብ ጠረጴዛዎች ለሁሉም የተከፈቱት ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1961 መስከረም ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በሆቴልና በምግብ ቤት ውስጥ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ማድላትን ከለከለ። ሕጉን ተቃውሞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሄደውና በታኅሣሥ 1964 የተሸነፈውም የዚህችው ከተማ ሞቴል ነበር። ዛሬ ሂጃብ ለብሳችሁ ሻይ ቤት ስትቀመጡ የተቀመጣችሁበትን ወንበር በከፊል እነዚያ ተማሪዎች ከፍለውበታል።

ስለዚህ «ሰብር» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ዝም ማለት አይደለም። ሰብር ማለት በእውነት ላይ ቆመው፣ ሳይሳደቡና ሳይሰበሩ፣ የሚመጣውን መቻል ነው። ተማሪዎቹ ያደረጉት እሱን ነው።

ጥርጣሬና ማስረጃ

ነገር ግን ልዩነቱንም በሐቅ እንናገር። በማግኖሊያ ሩም በደሉ ግልጽ ነበር፤ መደብሩ ራሱ አይክደውም። የእኛ ጠረጴዛ ግን ጥርጣሬ ነው። በሩ ሥር የተቀመጥነው ለሂጃቡ ነው? ወይስ መስኮቱ በእውነት ተይዞ ባለቤቶቹ ስለቀሩ ነው? ወይስ አንዲት አስተናጋጅ ብቻ ስለነበረች ለወጥ ቤቱ ቅርብ የሆነውን ሰጥታን ነው? እስከ ዛሬ አላውቅም። በሙያዬ አንድ ልኬት አዝማሚያ አይባልም።

በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ) ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ፣ ወሬ ሲመጣም እንድናጣራ አዞናል። አንዳንዶቻችን ከዚህ «እንግዲያው ዝም በሉ» የሚል ትርጉም እናወጣለን። እኔ ግን ማጣራት የሚለውን ቃል አጥብቄ እይዛለሁ። ማጣራት መጠየቅን ይጠይቃል። «እነዚያ ጠረጴዛዎች ባዶ ናቸው፤ እዚያ መቀመጥ እንችላለን?» ብሎ መጠየቅ ክስ አይደለም፤ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ፍትሕ ነው። ሰውየው ንጹሕ ከሆነ ምክንያቱን ለመናገር ዕድል ያገኛል። ካልሆነ ደግሞ ሰዎች እያስተዋሉ መሆኑን ያውቃል። በሌላ ቀን ሌላ እህት እዚያው በር ሥር ብትቀመጥ፣ ሦስተኛዋም ብትደገም፣ ያን ጊዜ ቀንና ሰዓት ተመዝግቦ፣ ምስክር ተይዞ፣ ለሕግ የሚቀርብ ጉዳይ ይሆናል። የአክስቴን ልጅ ያልኳትም ይህንኑ ነው፤ ስሜትሽን አልክድም፤ ግን ጻፊው፣ ቀኑን ያዢው፣ ፍርዱን አታስቀድሚ።

በራሳችን ቤትስ?

በመጨረሻ ወደ ራሳችን እንመለስ። በክላርክስተንም ሆነ በቡፎርድ ሀይዌይ የራሳችን ሰዎች የከፈቷቸው ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች አሉ። እዚያ ምግብ ሲዘገይ «የሐበሻ ሰዓት ነው» እንላለን፤ እንስቃለን፤ ሁለተኛ አንሄድም። ለባለቤቱ ግን አንነግረውም። በየቤቱ፣ በየሠርጉ፣ በየስልኩ ስለ እሱ ይወራል። ቤቱ ሲዘጋ ምክንያቱን ከባለቤቱ በቀር ሁሉም ያውቃል። ሆቴል ገብተን ለማናውቀው ኃላፊ በትሕትና የምናቀርበውን ቅሬታ ለገዛ ወንድማችን ከነፈግነው ወንድማማችነታችን የት ላይ ነው?

የንግድ ባለቤቶችም ከዚህ አይወጡም። «ሙስሊም ወንድማችሁ ነኝ፣ ቻሉኝ» ማለት ሚዛንን አይሞላም። ደንበኛውም «ወንድሜ ነህ» ብሎ ዋጋ ሲያስቀንስና ቲፕ ሲረሳ እንዲሁ ነው። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቀው ለራሱ ሲቀበል ሙሉ የሚፈልገውን፣ ለሌላው ሲሰጥ ግን የሚያጎድለውን ሰው ነው። ይህ አያ ስለ ሻጭ ብቻ የወረደ አድርገን እናነበዋለን። እኔ ግን ደንበኛም በውስጡ ይታየኛል፤ ሙሉ መስተንግዶ ጠይቆ ጎዶሎ እውነት የሚመልስ ደንበኛ።

እናንተ ደግሞ በቅርቡ ነርስ፣ መምህር፣ ፕሮግራመር፣ የሱቅ ባለቤት ትሆናላችሁ፤ ጠረጴዛው ይዞራል። የምትቀዱት ሻይ ለብ የሚልበት፣ ብቻችሁን የምትሮጡበት ቀን ይመጣል። በዚያ ቀን የምትፈልጉት ዓይነት ደንበኛ ምን ዓይነት ነው? ዝም ብሎ የሚወጣና ከኋላ የሚያማችሁ? ወይስ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ይህ የተስማማነው አይደለም» የሚላችሁ? መልሱን ስታገኙ ዛሬ ምን ዓይነት ደንበኛ መሆን እንዳለባችሁም ታውቃላችሁ።

አላህ (ሱ.ወ) ሐቃችንን የምንጠይቅ፣ የሰውንም ሐቅ የማናጎድል ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።